ሰባ አራት ላይ የቆመው ሚዛን

ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሰባ አራት ኪሎ ነበርኩ። የምመዘነው መርሳ ውስጥ ባለ አንድ የሽንኩርት መጋዘን፣ ጆንያ በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ ነበር። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ሽንኩርቱም፣ ጆንያውም፣ ሸራውም፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ሲወሰድ ሚዛኑ የተረፈው ዘራፊዎቹን ከብዷቸው ነው። ባለ ሚዛኑ ሽማግሌ በየሳምንቱ በገበያው ማግስት ጫማዬን አስወልቀው ያቆሙኝና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥሩን ያነቡልኛል። መጀመሪያ ሰሞን እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ። በስድስተኛው ሳምንት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያው ነው እህቴ» አሉኝ።

«ሚዛንዎ ዝጎ ይሆናል አያ» አልኳቸው።

«ሚዛኑ አልዛገም። ካላመንሽ ጆንያ አስጭኜበት ላሳይሽ።»

«ያስጫኑበት።»

አስጫኑበት። የተመዘነ ጤፍ ነበር፤ ልክ ሃምሳ ኪሎ መጣ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ስማቸው ከስድብ እንደተረፈ ሰው። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ያን ዓመት ደግሞ ቁጣዬ ሳያግዘኝ አልቀረም፣ ምክንያቱም ያልተቆጡ ሰዎች ሁሉ በሐዘን ተኝተው ነበር የሚውሉት።

ሰባ ኪሎ ልግባ ያልኩት ለመልኬ ብዬ አልነበረም። በመልኬ ቅር ተሰኝቼ አላውቅም። እኛ አገር ሞላ ያለች ሴት ትከበራለች፤ እኔም ዘጠና አምስት ኪሎ ሆኜ ስኖር ተከብሬ ነው የኖርኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እውላለሁ። ከመቀመጫዬ ስነሳ ጉልበቴ ሲንቋቋ ዕድሜ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው።

ዕድሜ አለመሆኑን ያወቅኩት ከተማው የሸሸ ቀን ነው። ከወልዲያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲሰማ ቆይቶ አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ወጣ። መኪና የለም፤ የተገኘውም ሞልቶ ያልፋል። እኔና እናቴ አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ይዘን በእግራችን ተነሳን። እናቴ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ሰው የማይደርስባት ሴት ናት። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ቀኝ ጉልበቴ ተያዘ። ተቀመጥኩ። ተነስቼ ጥቂት ሄድኩና እንደገና ተቀመጥኩ። በሦስተኛው መነሳት አቃተኝ። ሰዉ በግራና በቀኝ እያለፈን ነው። እናቴን «አንቺ ሂጂ» አልኳት። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በአባቴ አጥንት አስማልኳት። እሷ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደችና ከጎኔ ተቀመጠች። አመሻሽ ላይ እኔን ደግፋ ወደ መርሳ ተመለስን። መሄድ የምትችል ሴት በእኔ ሥጋ የተነሳ ቀረች ብዬ ነበር የማስበው፤ ያ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም።

ከተማው ተይዞ የቆየንባቸውን ወራት እዚህ አልተርካቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። እህል እያነሰ ሲመጣ እናቴ ከእኔ ጋር ገበታ ላይ ትቀመጥና ሁለት ጊዜ ቆርሳ «ጠገብኩ» ትል ነበር። አለመጥገቧን አውቃለሁ። እያወቅኩ የቀረውን እበላው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መንገዱ እንደተከፈተ ወልዲያ ሄጄ አንድ ሐኪም ጉልበቴን አየልኝ። መዘነኝ፤ ሰማንያ ስምንት ሆኛለሁ። ዱሮ ስንት እንደነበርኩ ጠየቀኝና ስነግረው፣ «ጎሽ፣ ሰባት ኪሎ ቀንሰሻል እኮ። ጥሩ ጀምረሻል» አለኝ።

«አልጀመርኩም» አልኩት። «ያን የወሰደው ጦርነቱ ነው። የእኔን ከዛሬ ጀምረህ ቁጠርልኝ።»

ወጣት ሐኪም ነው፤ ሰማንያ ስምንትን ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያ፣ «ሰባ ብትገቢ ይህ ጉልበት የፈለግሽበት ቦታ ያደርስሻል። አሁን ባለሽበት ግን ቢያቅተው አትፍረጂበት» አለኝ። ሰባ የሚባለው ቁጥር ከዚያ ነው የመጣው።

ከሰማንያ ስምንት ጀመርኩ። ስኳር ተውኩ። እንጀራውን በግማሽ አደረግኩት፣ ዘይቱን በማንኪያ መለካት ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ግራና ወደምትባለው መንደር በሚወስደው መንገድ እራመዳለሁ፤ መጀመሪያ እስከ ከተማው የመጨረሻ ቤት፣ ሰንበት ብሎ እስከ ማንጎው እርሻ፣ ከዚያም እያለፍኩት ሄድኩ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሸፈነልኝ። አገሩ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ የእኔን መጉደል ልብ ያለው አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ ግን የሰዉ ምላስ ተፈታ።

«አንቺዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ይሉኛል ፊት ለፊት። ከኋላዬ ደግሞ ስኳር ይዟታል ተባለ፣ ሐሳብ ነው ተባለ፤ ከዚህ የከፋም ተባለ። አንዷ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ወገቧን በሜትር እየለካሁላት፣ «ሰው እህል አጥቶ በሚያለቅስበት ዘመን ያለውን ሥጋ የሚጥል ሰው አንቺን አየሁ» አለችኝ። እሷ ራሷ ካለፈው ዓመት ዘጠኝ ሴንቲ ጎድላለች። ያን ዓመት ሱቄ የሚገባው ሥራ ሁሉ ማጥበብ ነበር። አባወራው ሱሪውን ይዞ ይመጣል፣ መምህሩ ኮቱን ይዞ ይመጣል፤ ሰዉ ከልብሱ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ በፈቃድ መክሳት ለዐይን እንደሚያስነውር አጥቼው አይደለም። ቢሆንም መልስ አላጣሁም።

«አንቺን ያከሳሽ ሳይጠይቅሽ ነው» አልኳት። «እኔን ያከሳኝ ግን ራሴ ነኝ፤ ጠይቄም ፈቅጄለታለሁ።»

«የምላስሽን ነገር ይህ ክሳትም አልቀነሰው» ብላ ሳቀች። ቀሚሷን በማግስቱ አደረስኩላት።

ሰባ አራት ስደርስ የቀረኝ አራት ኪሎ ብቻ ነበር። አሥራ አራቱን ያወረደ ሰው አራት ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም። አቃተኝ። እራት ተውኩ፤ ሰባ አራት። መንገዱን አስረዘምኩት፤ ሰባ አራት። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ ያሉኝን ሰማሁ፣ አብሽ በባዶ ሆድ ያሉኝንም ሰማሁ። አንድ ሳምንት በጎመን ብቻ ከርሜ ራሴን አዞረኝና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከሚዛኑ ስወርድ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እቆጣለሁ። ባለ ሚዛኑም ሲያዝኑልኝ፣ «ነጠላሽን አውልቀሽ ሞክሪ» አሉኝ። ነጠላዬን አወለቅኩ። ነጠላ ምን ይመዝናል።

የምበላውን ሁሉ እጽፍ ነበር። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበትን ደብተር ገልብጬ ከኋላ በኩል አንድም ሳላስቀር እመዘግባለሁ። ለራሴ ዋሽቼ አላውቅም ብዬ እምላለሁ። አንድ ቀን እናቴ ሱቅ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና፣ «እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። ከሰኞ ጀምሬ አነበብኩላት። ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ ጎመን፣ አንድ ፓፓያ። ማክሰኞ ላይ አስቆመችኝ።

«ማክሰኞ እኮ ለቅሶ ነበርን።»

«አዎ።»

«እዚያ የበላሽውስ?»

«እማዬ፣ እሱ መብላት ነው እንዴ?»

«ታዲያ በአፍንጫሽ ነው ያስገባሽው?»

ማክሰኞን በጣቴ ፈለግኩት፤ ለቅሶው አልተጻፈም። እኛ ዘንድ የለቅሶ ቤት እህል እህል አይባልም። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው «በላሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ «ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው። ሰው እዚያ ስለራበው አይበላም፣ ስለጠገበም አይተወውም። ንፍሮውን ይዘግኑለታል፣ እንጀራውን ያቀርቡለታል፣ አንገቱን ደፍቶ ያላምጣል። ያን ክረምት ደግሞ ለቅሶ ያልደረስንበት ሳምንት የለም። የሞቱት ቀድመው ነው የሞቱት፤ የዘገየው ወሬው ነው። ልጁ ግንባር ከሄደ ዓመት ባለፈው ቤት፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች በር ላይ ይቆማሉ። አንዳንድ ሳምንት ሁለት ቤት፣ አንዳንድ ሳምንት ሦስት፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም። በየቤቱ ተቀምጬ ስዘግንና ሳላምጥ ከርሜ አንዱንም አልጻፍኩትም። ልደብቀው አስቤ አይደለም። መብላት መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ጠላቴ ተገኘ አልኩ። ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እህል ግን አልቀምስም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ዝም አለች። ስትለፈልፍ እንጂ ዝም ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ይህንን ዝምታዋን ግን ልሰማው ይገባ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሱቄ ጀርባ ላለችው ጎረቤታችን የልጇ መርዶ መጣ። ልጁን አውቀዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ሱሪ የሰፋሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነው፤ ወገቡ ስልሳ ስምንት ሴንቲ ነበር፤ ሜትሩን ሳዞርበት ይኮረኩረውና ይስቅ ነበር። ሁለት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ዋልኩ። ሳህን ሲደርሰኝ ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ፤ ሲለምኑኝ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንዳገለደመች ከፍራሿ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ ለቀስተኛ አያስተናግድም፤ ሰዉ ሁሉ ያየናል። ሳህኑን ራሷ ይዛ ፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ባለፈው ሳምንት እዚያ ማዶ ካለችው ሐዘንተኛ ቤት በልተሻል አሉ» አለችኝ። «የእሷም ልጅ እንደ እኔው ልጅ ነው የሞተው። የእኔ አንሶብሽ ነው?»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ አሞኝ ነው።»

«አላመመሽም። ለመክሳት ብላ ነው ብለው ነግረውኛል።» አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ አልቆባት ነበር። «ልጄ የት እንደወደቀ አላውቅም። መቃብር የለውም። ያለው ይኸ ሳህን ነው። አፈር ስሆን፣ ቅመሺለት።»

በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ጨምሪልኝ» አልኳት፤ ጨመረችልኝ። እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝና ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ቤቴ ስገባ ደብተሩን አውጥቼ «ለቅሶ ቤት፣ ሁለት ሳህን» ብዬ ጻፍኩ።

በገበያው ማግስት ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። «ሰባ አምስት» አሉ ባለ ሚዛኑ፤ ቶሎ ብለውም፣ «ውሃ ይሆናል፤ ኢንሻ አላህ ይወርዳል» አሉኝ።

«ውሃ አይደለም አያ፤ በልቼ ነው» አልኳቸው።

ሳላፍር ነው ያልኩት። ሰባ ግቢ ያለኝ ሐኪም ጉልበቴን እንጂ ሰፈሬን አልመረመረም። ያን ክረምት ሐዘንተኛ ሳያሳዝን ሰባ የሚገባ ሰው መርሳ ውስጥ አይገኝም ነበር፤ እኔም ጎረቤቴን አዋርጄ የምገባበትን ሰባ አልፈልገውም። መራመዴን አልተውኩም፤ ስኳሩንም አልመለስኩም። ለቅሶ ቤት የቀረበልኝን ግን እበላለሁ። በሳምንቱ ሰባ አራት ተመለስኩና እዚያው ቆምኩ። ባለ ሚዛኑ ሊያጽናኑኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ይተዉት አያ፤ ይኸ ልኬ ነው» አልኳቸው።

አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሐኪሙ ያለው ሰባ ነው፤ እኔ አልገባሁም። ጦርነቱ እንደገና ቢመጣስ? መንገድ ላይ እንደገና ብቀመጥስ? ስፌት ላይ ሆኜ እናቴ በሱቁ ደጅ ስታልፍ ባየኋት ቁጥር ይኸው ነበር የማስበው።

መጣ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከቆቦ በኩል የሚወርዱ ሰዎች በመርሳ ማለፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ የወልዲያ ሰው ተከተለ። ወልዲያ ሊያዝ ነው ይባላል፤ ማንም ያላየውን ሁሉም ያወራል። በማግስቱ ጠዋት መርሳም ተነሳች። እናቴ ሳትጠይቀኝ ጓዟን ቋጠረች። ቋጥራም ስትጨርስ ጉልበቴን አየችው። ፊቴን ሳይሆን ጉልበቴን ነው ያየችው።

ተነሳን። ከሚገባው በላይ ፈጥኜ ሄድኩ። እናቴ «ቀስ በይ» ስትለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ዝናብ መታን፤ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያዘገየኛል። ጉልበቴ ያመኛል፤ አልዋሽም፣ በጣም ያመኛል። ግን ይሄዳል። አንድም ጊዜ ሳልቀመጥ፣ ሰባ ሳልገባ፣ ከሰባ አራት ኪሎዬ ጋር ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርጌሳ ደረስኩ። እናቴ ሻይ ገዝታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ስኳር አስደርጋበት ነበር፤ ጠጣሁት።

አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አደርን። ሲነጋ ሰዉ ወደ ደሴ ለመቀጠል ሲነሳ እኔ ጫማዬን አሰርኩና ፊቴን ወደ መጣንበት አዞርኩ። ያን ጊዜ ጦርነቱ መርሳ ሳይደርስ እንደቀረ ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ያን ጠዋት ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላወቅኩም፤ ፈርቼም ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ወደ ቤት።»

«ጉልበትሽ እምቢ አለ?»

«አላለም። ከፈለግሽ ደሴ ድረስ በእግሬ አደርስሽና እመለሳለሁ።»

«ሰዎቹ ከመጡስ?»

«ይምጡ። ባለፈው ያስቀረኝ ሥጋዬ ነው። አሁን ብቀር ፈቅጄ የቀረሁት እኔ ነኝ።» ዓመት ሙሉ የያዝኩትንም አወጣሁት። «አንቺንም ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። መሄድ እየቻልሽ በእኔ ጉልበት ቀረሽ። ሁለተኛ ማንም በእኔ ምክንያት አይቀርም።»

እናቴ ጓዟን አስቀምጣ ተቀመጠች። ከዚያ ተቆጣች።

«ማን በአንቺ ጉልበት ቀረ አለሽ?» አለችኝ። «እኔ መንገድ የወጣሁት አንቺ ውጪ ስላልሽኝ ነው እንጂ፣ ቤቴን ለማንም ጥዬ መሄድ መቼ ፈልጌ አውቃለሁ? ስትቀመጪ እኔማ እግዚአብሔር ይስጥሽ ነው ያልኩት። አንቺ በራስሽ ሥጋ ስታሳብቢ ከረምሽ።»

እውነቷን ይሁን፣ ወይም ለእኔ ብላ ያን ጠዋት የፈጠረችው ይሁን፣ አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጓዟን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተነሳች። ወደ ደሴ የሚሄደው ሰው ሁሉ ፊት ለፊታችን ይመጣል፤ አንዳንዱ ተሳስታችኋል እያለ በእጁ ወደ ኋላ ያሳየናል። እናቴ ማንንም ሳታይ መሐል ለመሐል ገብታ ወደ መርሳ መንገድ ጀመረች። እንደ ልማዷ ፈጥና ነው የምትሄደው። ደረስኩባት።